ሲጋልና ቁራ፦ አልካይ ቢች አጠገብ የተደበቀችውን ካሽ መፍታት

አንዲት እናት የላከችልኝ ጥያቄ ከዚህ በታች ያለው ነው። ካሽ የምንላት በጂኦካሺንግ ጨዋታ ሰው ፈልጎ እንዲያገኛት የምትደበቅ ዕቃ ናት። አሳጥሬዋለሁ። የካሿ ባለቤት ልፋት አደባባይ እንዳይዘረገፍ ደግሞ የካሿን ስም፣ ወፎቹንና ቁጥሮቹን ለዋውጫለሁ። የመፍቻው መንገድ ግን ያው ነው።

«ሰላም ወንድሜ። የምንኖረው ሲያትል ነው። የ11 ዓመት ልጄ ጂኦካሺንግ ከጀመረ ወዲህ ቅዳሜና እሁድ ቤት መቀመጥ ቀረ። ቀላል ቀላሎቹን አግኝተናል። አሁን ግን አልካይ ቢች አጠገብ ያለች፣ ሰማያዊ የጥያቄ ምልክት ያላት ካሽ ላይ ሦስት ሳምንት ሆነን። ስሟ ‹ዳርቻውን አዳምጥ› ይላል። ገጿ ላይ ያለው 15 መስመር ብቻ ነው። በየመስመሩ አምስት ወፍ ተሥሏል፤ ወይ ጥቁር ቁራ፣ ወይ ነጭ ሲጋል (የባህር ዳር ወፍ)። ካርታው የሚጠቁመው የመርከብ መብራት ማማውን ነው። እዚያ ሄደን ምንም አላገኘንም። ልጄ ሞርስ ኮድ (ፊደልና ቁጥር በነጥብና በሰረዝ የሚጻፍበት ዘዴ) ነው ብሎ ቁራውን ሰረዝ፣ ሲጋሏን ነጥብ አድርጎ ፈታው። 9289207 እና 67779182 ወጣለት። ስልኩ ግን አልቀበልም አለ። የአካባቢውን ታሪክ ሁሉ አነበብን። 1851፣ 1913፣ 1952 የሚሉትን ዓመቶች ደመርን፣ ቀነስን፣ ምንም። የት ላይ ነው የተሳሳትነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ። የ11 ዓመት ልጅ አምስት አምስት ወፍ አይቶ ሞርስ ኮድ ነው ካለ ጨርሷል። የቀረችው አንዲት ነገር ናት። እሷን ብቻ ነግሬሽ ብሰናበት ደግሞ የሚቀጥለው እንቆቅልሽ ላይ ሌላ ሦስት ሳምንት ትቀመጣላችሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልበል። አንዱ ሰው ዕቃ ይደብቃል፤ ቦታውን በጂፒኤስ ቁጥር ይናገራል። ሌላው ፈልጎ ያገኛል፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ይፈርማል፣ እንደነበረ መልሶ ይደብቃል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ከዚያ በፊት የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር መሣሪያሽ እስከ 100 ሜትር ሊስት ይችል ነበር። በሜይ 2000 መጀመሪያ ማዛባቱ ቆመ። ወዲያው ሜይ 3 ላይ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ለሰው ሁሉ አወጣ። ባልዲው ውስጥ የታሸገ ባቄላ ሳይቀር ነበረበት። ዛሬ የጨዋታውን ዋና ድረ ገጽ የሚያስተዳድረው ድርጅት መቀመጫው እዚያው እናንተ ከተማ፣ ፍሪሞንት ሰፈር ነው። ጨዋታው የጎረቤት ልጅ ነው ማለት ነው።

ሰማያዊ የጥያቄ ምልክት ያላቸው ካሾች ከሌሎቹ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። ካርታው ላይ የሚታየው ነጥብ የውሸት ነው። ማማው ጋ ሄዳችሁ ምንም ያጣችሁት ለዚህ ነው። እውነተኛው ቦታ እንቆቅልሹ ውስጥ ነው ያለው። እኛ ስናድግ እንቆቅልሽ ስንጫወት «ምን አውቅልሽ» ብሎ ያቃተው አገር ይሰጥ አልነበር? እዚህ ደግሞ ግልብጥ ነው። አገሩን የሚያገኘው የፈታው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው እንቆቅልሹን ከፊቱ ይዞ ወደ መልሱ ይጓዛል። እኔ ከመልሱ ነው የምጀምረው። ለምን? ምክንያቱም የመልሱን ግማሽ ሳትፈቺው ታውቂዋለሽ።

ቁጭ ብለሽ አስቢው። መልሱ የጂፒኤስ ቁጥር ነው። በዚህ ጨዋታ የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን ደቂቃው ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ይኖረዋል። ለሲያትል ሰሜን 47 ዲግሪ፣ ከዚያ ሁለት አሃዝ ደቂቃ፣ ከዚያ ሦስት አሃዝ። ድምሩ ሰባት። ምዕራብ ደግሞ 122 ዲግሪ፣ ሁለት አሃዝ ደቂቃ፣ ሦስት አሃዝ። ድምሩ ስምንት። ሰባትና ስምንት 15። የወፎቹ መስመርም 15። ይኼ እንዲያው የተገጣጠመ አይደለም። አንድ ገጽ ላይ 15 ነገር ካየሽ፣ 15 ፎቶ፣ 15 ስም፣ 15 ዶሮ ይሁን ምንም ይሁን፣ ልብሽ ወዲያው ወደ ቁጥሩ ይሂድ። ስድስት ነገር ካየሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነጥብ በኋላ ያሉትን ሦስትና ሦስት አሃዞች ብቻ ነው የደበቁት።

በዚህ መለኪያ 1851፣ 1913ና 1952ን መጣል ትችላላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች አልካይ የወረዱት በ1851 ነው፤ እውነት ነው። የመብራት ማማው በ1913 ተሠራ፤ እሱም እውነት ነው። ትንሿ የነፃነት ሐውልት በ1952 ቆመች። ሦስቱም ጥሩ ታሪክ ናቸው። ግን ሦስት ዓመት ይዞ 15 መስመር ወፍ ውስጥ መግቢያ የለም። ገጹ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከውጭ እያመጣሽ መደመር ከጀመርሽ፣ መንገድ ስተሻል ማለት ነው። ታሪኩን ማንበባችሁ ግን አልከፋም። አልካይ የሚለው ቃል ራሱ በቺኑክ የንግድ ቋንቋ «ቀስ በቀስ» እንደማለት ነው። ሰፋሪዎቹ ቦታውን «ኒውዮርክ አልካይ» ብለው ነበር፣ ቀስ በቀስ ኒውዮርክ ይሆናል በሚል ተስፋ። ዛሬ ኒውዮርክን ባይሆንም አሳ በድንች ጥብስ ግን ይሸጥበታል።

ወደ ቁጥሩ እንመለስ። በደንቡ መሠረት የውሸቱ ነጥብ ከእውነተኛው ቦታ በአብዛኛው ከ3.2 ኪሎ ሜትር፣ ማለት ከ2 ማይል፣ አይርቅም። ስለዚህ ማማውን መሐል አድርገሽ ካርታው ላይ ክብ ሥሪ። አንድ ደቂቃ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሲያትል ላይ 1.25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታው በቀረቡ ቁጥር ስለሚጠጋጉ። ማማው ሰሜን 47 ዲግሪ 34 ደቂቃ ተኩል፣ ምዕራብ 122 ዲግሪ 25 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው ያለው። ክቡ ወደ ሰሜንና ደቡብ ከ32 እስከ 36 ደቂቃ፣ ወደ ጎን ደግሞ ከ22 እስከ 27 ደቂቃ ውስጥ ይወድቃል።

እንግዲህ ተመልከቺ። የመጀመሪያው አሃዝ 4 ነው። ሁለተኛው 7። ሦስተኛው የግድ 3። ስምንተኛው 1፣ ዘጠነኛውና አሥረኛው 2፣ 2። አሥራ አንደኛውም የግድ 2። አንዲት ወፍ ሳትቆጥሪ ሰባት አሃዝ እጅሽ ገባ።

አሁን ልጅሽን እርሳስ አስይዢው። ሞርሱን ለጊዜው ይርሳው። መስመሮቹን እርስ በርስ ብቻ ያስተያያቸው። የትኛው ከየትኛው ጋር አንድ ዓይነት ነው? መስመር 9፣ 10ና 11 ቁጭ አንድ ናቸው። ሦስቱም ሁለት ቁራ ቀድሞ ሦስት ሲጋል ይከተላል። ይኼ የ222 ጣት አሻራ ነው። እነዚህን ሦስት መስመሮች ሳይ ነው እኔ ፈገግ ያልኩት። እዚያ ቦታ ላይ ሦስት ተመሳሳይ መስመር መኖሩ ብቻ «አዎ፣ በቅደም ተከተል የተቀመጠ ቁጥር ነው፣ አልተገላበጠም» ይልሻል።

ቀጥይ። መስመር 1 አራት ቁራና አንድ ሲጋል ነው። 4 መሆኑን እናውቃለን። መስመር 4ና 12 ከሱ ጋር አንድ ናቸው፤ እነሱም 4። መስመር 2 ሁለት ሲጋልና ሦስት ቁራ፣ 7 ነው። መስመር 5ና 15 እንደሱ ናቸው፤ 7። መስመር 3 ሦስት ቁራና ሁለት ሲጋል፣ 3 ነው። መስመር 14 እንደሱ ነው፤ 3። መስመር 7 ደግሞ ከመስመር 9 ጋር አንድ ነው፤ 2።

ቆጥሪው። ከ15ቱ 13ቱ ተገኙ። የቀሩት መስመር 6ና መስመር 13 ብቻ ናቸው። ሞርስ የሚባል ነገር በምድር ላይ ባይኖር እንኳ የቀሩት አሃዞች 0፣ 5፣ 6፣ 8ና 9 ስለሆኑ ያለው ግምት 20 ብቻ ነው። ካርታ ላይ 20 ነጥብ ማየት የአንድ ሲኒ ቡና ሥራ ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ራሱን የሚያጋልጥ ድግግሞሽ ሁሌ አይገኝም። የዚች ካሽ ባለቤት ለጀማሪ አዝኖ መሆን አለበት።

ታዲያ የልጅሽ ሞርስ ምን ነካው? ምንም አልነካውም። የተገለበጠ ብቻ ነው። የሞርስ አሃዞች እያንዳንዳቸው አምስት ምልክት አላቸው። አሠራራቸው በጣም ሥርዓት ያለው ነው። 1 አንድ ነጥብና አራት ሰረዝ ነው። 2 ሁለት ነጥብና ሦስት ሰረዝ። እንዲህ እያለ 5 ላይ አምስቱም ነጥብ ይሆናል። ከዚያ ይዞራል። 6 አንድ ሰረዝና አራት ነጥብ፣ 7 ሁለት ሰረዝና ሦስት ነጥብ፣ መጨረሻ 0 አምስቱም ሰረዝ። ስለዚህ ነጥብና ሰረዝን ካቀያየርሽ እያንዳንዱ አሃዝ ልክ አምስት ይዘላል። 4 የነበረው 9 ይሆናል። 7 የነበረው 2። 3 የነበረው 8። 5 የነበረው 0። ልጅሽ ያገኘውን እይው፦ 9289207። ከእያንዳንዱ አምስት ቀንሺ፣ የማይቀነሰው ላይ ደግሞ አምስት ጨምሪ። 4734752 ይሆናል። ሁለተኛው 67779182 ነበር። 12224637 ይሆናል።

ስልኩ አልቀበልም ያለው ደግሞ ልክ ነበር። ሰሜን 92 ዲግሪ የሚባል ቦታ የለም። ኬክሮስ 90 ላይ፣ ሰሜን ዋልታ ላይ ያበቃል። ከ90 በላይ ካገኘሽ የሆነ ነገር ተገልብጧል ማለት ነው። ይኼን ለልጁ ንገሪው። ስህተት ያለው መልስ ራሱ የት እንደተሳሳትሽ ይናገራል። 67779182 የሚለው ውስጥ እንኳ ሦስቱ 7ቶች፣ 777፣ ተደርድረው ነበር። እነሱ ናቸው የተሸፈኑት 222።

ቁራው ለምን ነጥብ፣ ሲጋሏ ለምን ሰረዝ እንደሆነች መልሱ ስሟ ላይ ነበር። «ዳርቻውን አዳምጥ» ነው የሚለው። ተመልከት አላለም። ልጅሽ በዓይኑ ፈታው፤ ጥቁሩ ወፍራም ስለሚመስል ሰረዝ አደረገው። በጆሮሽ ብትሄጂ ግን ቁራ «ቃ» ብሎ ያቆማል። አጭር ነው። ሲጋል ደግሞ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ እሪ ስትል ማቆሚያ የላትም። ረጅም ነው። አልካይ ላይ ሁለቱም ሞልተዋል። ድንች ጥብስ ይዘሽ አግዳሚው ላይ አምስት ደቂቃ ተቀመጪ፣ ሁለቱንም ድምፅ በነፃ ትሰሚያለሽ። ድንቹን ግን አደራ።

ስም ላይ እንዲህ ፍንጭ መቅበር በዚህ ጨዋታ የተለመደ ነው። ሲከፋሽ ወደ ስሙ ተመለሺ። ገጹ ታች ላይ ደግሞ የተቆለፈ ፍንጭ ይኖራል። የእንግሊዝኛውን ፊደል 13 ቦታ በማዘዋወር ነው የሚቆለፈው፤ አንድ ጊዜ ስትነኪው ይፈታል። እሱን ማየት ነውር አይደለም። አንዳንድ ጥርሳቸውን የነከሱ ተጫዋቾች ያፍሩበታል። እኔ አላፍርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ጉድጓድ ላሳይሽ። ቁጥሩ ተገኘ፤ ሰሜን 47 ዲግሪ 34.752 ደቂቃ፣ ምዕራብ 122 ዲግሪ 24.637 ደቂቃ። አሁን ሰው ይቸኩልና ስልኩ ካርታ ላይ 47.34752 ብሎ ይጽፋል። ስልኩ ምንም ሳይል ይወስደዋል። የት? ኬንትና ኦበርን በሚባሉት ከተሞች መካከል፣ ከአልካይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መጋዘን በመጋዘን የሆነ ሸለቆ ውስጥ። እኔ ሄጃለሁ። በዝናብ ነው የሄድኩት። አንድ ሰዓት ሙሉ የመጋዘን አጥር ሥር ባህር ፈለግሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይኼን ስህተት «ኬንት መሄድ» እንለዋለን።

ነገሩ ቀላል ነው። 34.752 ደቂቃ ነው፤ ደቂቃ ደግሞ ከ60 ነው። ለ60 ስታካፍዪው 0.5792 ይሆናል። ስለዚህ በሙሉ ዲግሪ ከጻፍሽ 47.5792 ነው። 24.637ም ለ60 ሲካፈል 0.41062 ነው፤ 122.41062። ፊቱ የመቀነስ ምልክት አትርሺ፤ ምዕራብ ነውና። ከረሳሽው ስልኩ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ይወስድሻል። ቢያንስ ያኛው ራቅ ስለሚል ወዲያው ያስቃል። ኬንት ግን ቅርብ ስለሆነ ያታልላል። ጂኦካሺንጉ አፕ ውስጥ በዲግሪና ደቂቃ ማስገቢያ አለ፣ እዚያው ብታስገቢው ሒሳቡም ይቀርልሻል።

ከመውጣታችሁ በፊት ግን መልሱን ፈትኑት። ገጿ ላይ ማረጋገጫ ካለ እሱን ተጠቀሙ፤ ልክ ከሆነ ይነግራችኋል። ከሌለ ካርታው ይናገራል። ከማማው ምን ያህል ይርቃል? 800 ሜትር ያህል፤ ክቡ ውስጥ ነው። ውሃ ላይ ነው ወይስ መሬት? ከሌላ ካሽ ምን ያህል ይርቃል? ደንቡ በሁለት የተደበቁ ዕቃዎች መካከል ቢያንስ 161 ሜትር ይጠይቃል። መልስሽ ሌላ የታወቀ ካሽ አፍንጫ ሥር ከወደቀ፣ ተሳስተሻል።

ቢች አጠገብ ውሃው ትልቅ ረዳት ነው። መስመር 5 ላይ አንዲት ወፍ ተሳስታችሁ 7ን 8 ብታደርጉት ነጥቡ 185 ሜትር ወደ ሰሜን ይሸሻል። አልካይ ላይ 185 ሜትር ወደ ሰሜን ማለት ባህር ውስጥ መግባት ነው። ስለዚህ መልሱ ውሃ ላይ ከወደቀ ዋና ልብስ አትፈልጊ። ወፎቹን እንደገና ቁጠሪ። የመጨረሻው አሃዝ ላይ አንድ ብትስቱ ግን ልዩነቱ ሁለት ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱ አያሳስብም።

ገጿ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ብዙ ሰው አያነባቸውም። አንዱ የእንቆቅልሹ ክብደት ነው። ሁለተኛው የመሬቱ ክብደት፣ ከ1 እስከ 5። 1 ማለት በዊልቸር የሚደረስ ነው። 5 ማለት ጀልባ ወይም ገመድ የሚፈልግ። ያንቺዋ 1.5 ነው የምትለው። ስለዚህ ድንጋይ ላይ መንጠላጠል፣ ውሃ ውስጥ መግባት የለም። ልጁ አጥር ላይ ሲወጣ ካየሽው አውርጂው።

አሁን የቦታው ነገር። ፒውጀት ሳውንድ፣ ማለት አልካይ ፊት ለፊት ያለው ባህር፣ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሁለቱ እኩል አይደሉም። በአንድ ቀን ውስጥ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ወደ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። ይኼ ማለት ጠዋት የረገጥሽው አሸዋ ከሰዓት በኋላ ከሰው ቁመት በላይ ውሃ ሊኖረው ይችላል። አስተዋይ ሰው ካሽ እዚያ አይደብቅም። የሚደበቀው ውሃው ከማይደርስበት በላይ ነው። ዳርቻው ላይ የተጋደሙትን ትልልቅ ግንዶችም ተዉአቸው። የክረምት ማዕበል ያንከባልላቸዋል፤ ባለቤቱ ይኼን ያውቃል። ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ ቆፍሮ መቅበር ደግሞ በጨዋታው ደንብ ክልክል ነው። አሸዋውን አትቆፍሩ። አካፋ ይዞ የመጣ ልጅ ካለ ቤተ መንግሥት ይሥራበት።

እንግዲህ ምን ቀረ? የባህሩ ግንብ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የብረት ሐዲድ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ምልክት ሰሌዳ። ገጿ መጠኗን «ማይክሮ» ካለ አውራ ጣትሽን የምታክል ብልቃጥ ፈልጊ። ባህር ዳር ጨው አለ፣ እርጥበት አለ፤ ብረት ይዝጋል፣ ወረቀት ይበሰብሳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ማግኔት ተለጥፎባቸው ከብረት ሥር ይጣበቃሉ፣ ከዝናብ በተከለለ በኩል። በዓይን ከመፈለግ በእጅ መዳሰስ ይሻላል። ጓንት ማድረግ አይከፋም፤ አግዳሚ ወንበር ሥር ሀብት ቢታጣ ማስቲካ አይታጣም።

ስልክሽ ሰማይ ክፍት በሆነበት ቦታ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። የደበቀውም ሰው መሣሪያ እንዲሁ ይስታል። ስለዚህ ቀስቱ ዜሮ ላይ ሲደርስ ስልኩን ኪስሽ ክተቺው። አሥር ሜትር ዙሪያውን በዓይንሽ እይና «እኔ ብሆን የት እደብቅ ነበር?» በዪ። ልጆች በዚህ ይበልጡናል፤ ቁመታቸው የወንበር ሥር ነው።

ሰው ይበዛል። በበጋ ከሰዓት በኋላ አልካይ መቆሚያ የለውም። የሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ተጫዋቾች ጨዋታውን የማያውቀውን መንገደኛ «ማግል» ይሉታል፤ ማግል ፊት ካሽ አይወጣም። ዕቃው ይሰረቃል ወይም ይጣላል። እኔ አንድ ቀን እዚያው ሲያትል አንድ መናፈሻ ውስጥ ወንበር ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ ነጠላ የለበሱ እናት መጡብኝ።

«ምን ጠፋብህ ልጄ?» አሉኝ በአማርኛ። በምን እንዳወቁኝ እንጃ።

«ትንሽ ብልቃጥ ነው እማማ።»

«ወርቅ አለባት?»

«የለባትም። ወረቀት ናት ያለችው።»

«ታዲያ ምን ልታደርጋት ነው?»

«ስሜን ጽፌ ልመልሳት።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ከኔ ጋር ጎንበስ አሉ። ያገኟት እሳቸው ናቸው። ስማቸውን በግዕዝ ፊደል ከኔ በላይ ፈረሙ። ወረቀቱ ላይ እስካሁን ይኖራል ብዬ አስባለሁ። ጠባቂ ወይም ፖሊስ ቢጠይቅሽም እንዲሁ እውነቱን ንገሪ። ስልክሽ ላይ ገጿን አሳዪ። ሰበብ መፍጠር ነገሩን ያባብሰዋል።

ልጁ ሲያገኛት ወረቀቷን ቀስ ብላችሁ አውጡ። እርጥብ ከሆነች አትጎትቷት። ስም፣ ቀን፣ በቃ። እንደነበረች መልሱ፤ «የተሻለ ቦታ» ብላችሁ አታዛውሯት። ድረ ገጹ ላይ ስትጽፉ ደግሞ መልሱን ወይም ፎቶዋን አታውጡ። ስለ ሲጋሏ ጻፉ፣ ስለ ነፋሱ ጻፉ። ስክሪብቶ ያዙ፤ እንዲህ ባሉ ትናንሽ ብልቃጦች ውስጥ ስክሪብቶ አይኖርም፤ ሦስት ሳምንት ለፍታችሁ በከሰል ስትፈርሙ እንዳትገኙ።

ሄዳችሁ ካገኛችሁ ወዲያው ጻፉልኝ። የቁራ መልእክተኛ እንዳትሆኑብኝ። ካቃታችሁ ደግሞ በባህላችን መሠረት አገር ትሰጡኛላችሁ። ኬንትን ግን አልቀበልም።